አብረው ያላደጉ አብሮ አደጎች

ሐያሲ ነኝ የሚል አንድ ወዳጅ አለኝ። በቀደም ዕለት ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ልቦለድ አነሣና ገለጥ ገለጥ አደረገው። «አንተ ደግሞ ይህንንም ታነባለህ እንዴ?» አለኝ። የሁለት አብሮ አደጎች ታሪክ ነው። ልጁ ኳስ ተጫዋች፣ ልጅቷ ሯጭ፤ ከተማቸው ትንሽ፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ሜዳ ላይ ሲቦርቁ ኖረው አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ወዳጄ መጽሐፉን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ መለሰልኝ። «ፍቅርና ኳስ! አገሩ ሌላ ጉዳይ የለውም?»

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን እኔም አልወደድኩትም። ምክንያታችን ግን ፈጽሞ አይገናኝም። እሱ ታሪኩ ተራ ነው ይላል፤ ለከባድ ብዕር የማይገባ፣ ጊዜ ማሳለፊያ። እኔ ደግሞ በዚህ አገር ከዚህ የከበደ ታሪክ ብዙ የለም፤ ደራሲው ግን የተሸከመውን ሳያውቅ እንደ ገለባ ይዞት አለፈ እላለሁ። ወዳጄ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ቡናውን አዘዘ። እኔ ግን አልበረደልኝም፤ ስለዚህም ይህን እጽፋለሁ።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። አብሮ አደግ። «እገሌ አብሮ አደጌ ነው» ሲባል መቼም ጆሯችን ለምዶታል። አንድ ባለትዳር ገበሬ «እገሊት አብሮ አደጌ ናት» ሲል ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ተወልጄ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ዳር ነው። በዚያ አገር አብሮ አደግ ማለት አብሮ ከብት የጠበቀ፣ አብሮ ገና የተጫወተ፣ አብሮ ወንዝ የዋኘ ወንድ ነው። ሴቷ «የእገሌ ልጅ» ናት፤ ቀጥላ «የእገሌ ሚስት» ናት። በሁለቱ መካከል መጠሪያ አልወጣላትም፤ በሁለቱ መካከል ዕድሜ አልተሰጣትማ!

ነገሩ የሴቷ ብቻ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን እንኮራለን፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያልን እንቆጥራለን። ለመሆኑ ያንን ቅኔ የተማረው ማን ነበር? ድምፁ ገና ያልጎረነነ፣ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ከሰው ደጅ ቆሞ ውሻ እየተከላከለ የሚለምን ልጅ ነው። ወንዱ በአንድ በኩል ወደ ቅኔ ቤት ይወጣል፤ ሴቷ በሌላ በኩል በበቅሎ ጀርባ ወደ ባል ቤት ትሄዳለች። በአንድ እሸት ማሳ ዳር ሲሯሯጡ የነበሩ ሁለት ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ አንዱ የት እንዳለ ሌላው አያውቅም። ታዲያ የትኛው አብሮ አደግ ከየትኛዋ አብሮ አደጉ ጋር ነው የሚፋቀረው?

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋናው ነገሩ የሚፈጸመው እዚያው ቢቸና አጠገብ፣ ዲማ ላይ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብሮ አደጎች አይደሉም፤ ሊሆኑም አይችሉም ነበር። እሱ የማንኩሳ ልጅ፣ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ተማሪ፤ እሷ ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ የማትወጣ የባላባት ልጅ። የተገናኙት ሊያስተምራት ሲመጣ ነው። ደራሲው ሁለቱን ለማገናኘት ፊደል አስፈለጋቸው፤ አብረው የሚቦርቁበት ሜዳ አልነበረማ! ፍቅሩ የተወለደው በሁለት ብቸኞች መካከል ነው፤ ያደገውም በሹክሹክታ ነው። ያ መጽሐፍ ዛሬም ሆዳችንን የሚያባባው በሌላ በምንም አይደለም፤ ደራሲው የሌለውን ነገር እንዳለ አድርገው ስላልጻፉ ነው። የዛሬው ደራሲ ግን ሜዳውንም ኳሱንም ልጅቷንም ከሌላ አገር ፊልም ነቅሎ ያመጣና አንዲት የኛ የምትመስል ከተማ ላይ ይተክላቸዋል። ይጸድቃሉ ብሎ ነው?

በእርግጥ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ዘመን ሊለወጥ ሲል፣ በጳጉሜን፣ የአገሬ ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ መስክ ይወርዳሉ፤ ወንዶቹም ከሴ አጨዳ ይወጣሉ። ዘፈኑ፣ ልፊያው፣ መተያየቱ ያኔ ነው። በዓመት አንድ ሰሞን። ቴሌቪዥናችን ይህን ቀርጾ ሲያሳየን ደስ ይለናል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለውን ግን ካሜራው አይቀርጽም።

ከዚያ ትምህርት ቤት መጣ። ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ይዞ መጥቷል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግነው ያንን አቧራማ ሜዳውን ነው። ወንድና ሴት ልጅ በአዋቂ ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ማንም ሳያፍር እኩል የሚሮጡበት የመጀመሪያው መሬት እሱ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከገጠር አንድ ሰዓት ከመንፈቅ እየተጓዙ የሚመጡ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ እሱ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ጧት እየሮጡ ይመጣሉ፤ ማታ እየሮጡ ይመለሳሉ። ጫማ አልነበራቸውም። በስፖርት ቀን የስፖርት አስተማሪያችን ልጅቷን ከሴቶቹ ጋር አሰለፋት፤ ሁለተኛዋን በግማሽ ዙር ቀደመቻት። ሰውየው ትንሽ አሰበና ከወንዶቹ ጋር እንደገና አስሮጣት። 1500 ሜትር ነበር። አንደኛ ወጣች፤ ጎረቤቷ ሁለተኛ። እኔ የት እንደነበርኩ ባልናገር ይሻላል።

ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አየኋቸው። ለሽልማት የተሰጣትን ደብተር እሱ ይዞላት ነበር። ፍቅር ነው? አላውቅም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ጊዜ ቢሰጠው ምናልባት ይሆን ነበር፤ የእኔ ጠብ ያለውም «ቢሰጠው» ከምትለው ከዚያች ቃል ጋር ነው። ጥምቀት አልፎ ትምህርት ሲከፈት ልጅቷ አልመጣችም። አስተማሪው ለሁለት ሳምንት ያህል ስሟን ጠራ፤ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። የጠየቀ የለም፤ ጥር ነዋ!

ይህ የሆነው በጨለማው ዘመን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ፆታ 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የእኛ ሜዳ ግን ሕግ ከመውጣቱ በፊት እንደነበረው ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተረት ያለው አገር፣ ሴት ብትሮጥስ በማን ሊያልቅ ነው? አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጄ አስፋልት ለአስፋልት ስትሮጥ አንድ ነገር ቢደርስባትስ ብሎ የሚፈራ ሰው ነበር። እግሯ የፈጠነ ሴት ልጅ ያላት አባት ሁለት እጥፍ ይፈራል፤ ይህን ፍርሃት የጻፈልን ልቦለድ ስንት ነው?

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራ፣ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ሁለቱ ጫፎች ቆመው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰው በገመድ እየታሰረ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተተ ተሻገረው፤ ለገበያም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካኖች መጥተው መካከሉን ጠገኑት፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንደገና ተሰበረ፤ በ2009 ደግሞ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ። የዛሬዎቹን የአብሮ አደግ ልቦለዶች ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ድልድይ ነው። በዚህ ጫፍ ሁለት ሕፃናት ይቦርቃሉ፤ በዚያ ጫፍ ሙሽሮች ኬክ ይቆርሳሉ። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለው፣ ልጅቷ የምትጠፋበት መካከሉ፣ የለም። ደራሲው «ዓመታት ነጎዱ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘልለዋል። ወንድሜ፣ ዓባይ በዝላይ አይሻገሩትም!

ወዳጄ ሐያሲው ይህን ብነግረው «እንግዲያስ የሴቶች ጉዳይ ቢሮን ሪፖርት ልቦለድ ብለህ ልታስነብበን ነው» ማለቱ አይቀርም። የለም። እኔ ፍቅሩን ነው የምፈልገው። ፍቅሩን ስለምፈልግ ነው ሜዳውንና ዕድሜውን የምጠይቀው። ሜዳ ፍቅር አያፈራም የሚል ካለ ያለፈውን ያገላብጥ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ገዛኸኝ አበራ ማራቶን ሯጯን እልፍነሽ ዓለሙን ያገባው አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ነው። ጥሩነሽ ዲባባና ስለሺ ስህን በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ሲጋቡ አገሩ እንደ ራሱ ልጆች ሠርግ ፈነጠዘ። እሷ የበቆጂ፣ እሱ የሸኖ፤ ከአንድ መንደር አይደሉም፤ ያገናኛቸው ሩጫው ነው።

የቀነኒሳ በቀለና የዓለም ተቻለ ነገር ደግሞ ሁላችንንም አስለቅሷል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም.፣ ሠርጋቸው ጥቂት ወራት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ጫካ ውስጥ አብረው ሲለማመዱ ወደቀች፤ አልተረፈችም። ዕድሜዋ 18 ነበር። በተከታዩ ወር፣ በጥር፣ ቀነኒሳ ቦስተን ላይ ሲሮጥ ዙር ተሳሳተ፤ ያለቀ መስሎት አንድ ዙር ቀድሞ ተፈተለከና ተሸነፈ። በመጋቢት ግን ፈረንሳይ አገር አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አሸነፈ። ይህን ሁሉ ጋዜጦቻችን ጽፈውታል፤ እንባውን በደንብ ጽፈውታል። እኔ ግን ከሞቷ ይልቅ ሕይወቷ ላይ እቆማለሁ። የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳ ላይ በዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ያገኘችው የራሷ ወርቅ ነበራት። ከእጮኛዋ ጋር በአንድ ጫካ በራሷ እግር ትሮጥ ነበር። የሠርጓም ቀን ገና ነበር። ይህ «ገና» የሚባለው ነገር ለስንቷ ተሰጥቷል?

በቆጂን ተመልከቱ። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ አንድ የስፖርት መምህር ከአንዲት የአርሲ ከተማ ልጆች ሰብስበው ወንዱንም ሴቱንም አስሮጡ፤ ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእጃቸው አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዚያችን ከተማ ሁለት አብሮ አደግ ሯጮች የሚከተል ዘጋቢ ፊልም ወጣ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ፊልሙን ያዘጋጀው ግን የእኛ ሰው አይደለም፤ ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ነው። ሰባራ ድልድይን ለመጠገን አሜሪካዊ፣ አብሮ አደጎቻችንን ለማየት እንግሊዛዊ መጠበቃችን ያሳፍረኛል። ወዳጄን አያሳፍረውም መሰለኝ፤ እሱ «አገሩ ሌላ ጉዳይ የለውም?» ይላል።

ስለዚህ ለሐያሲዎቻችን የምለው፦ የአብሮ አደግን ፍቅር አትናቁት፤ ሳታውቁት ነው የናቃችሁት። ለደራሲዎቻችን ደግሞ፦ መጀመሪያ ልጅቷን ሰባተኛ ክፍል አድርሷት፤ ቀጥሎ ስምንተኛ፤ ከአባቷ ጋር አጣሏት፤ ስፖርት አስተማሪውን ሽማግሌ አድርጋችሁ ላኩ፤ ይመለስ፤ እንደገና ላኩት። አሥራ ስምንት እስኪሞላት አብሯት የሚሮጥ ልጅ ፍጠሩ። ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ፣ እኔ ራሴ መጽሐፉን ገዝቼ ለዚያ ሐያሲ በስጦታ እሰጠዋለሁ።

ያ አንድ ወንበር የተቀመጥን ልጅ ዛሬ ባለትዳር ነው፤ ከተማዋ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስሄድ አሳፍሮኝ የድሮውን ነገር አነሣን። እሷ ከቀረች በኋላ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ድረስም ሄዶ ተወዳድሯል። «ጎበዝ ነበርክ እኮ» አልኩት።

«እኔ ሁለተኛ ነኝ» አለ መንገዱን እያየ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለሠርጓ ዳስ ቅጠሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ነና» አለኝ።