ከቆሙ ተሽከርካሪዎች የሚፈጸም ስርቆት፦ ሰንሰለቱ ከገዢው ዘንድ ሊበጠስ ይገባል

(የዜና ትንታኔ)

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለስብሰባ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ ተሽከርካሪውን ከበሩ አቅራቢያ ያቆማል። ላፕቶፑንና የሰነድ ቦርሳውን ከኋላ ወንበር ላይ ትቷል። ስብሰባው ተጠናቆ ሲመለስ የበሩ መስታወት ተሰብሮ፣ ቦርሳው ተወስዶ ያገኛል። ሌላው ደግሞ ከሠርግ ወይም ከቀብር ሥነ ሥርዓት ሲመለስ የተሽከርካሪው ስፖኪዮ ተነቅሎ፣ ፍሬቻው ወልቆ ይጠብቀዋል። እንዲህ ዓይነቱ ገጠመኝ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪዎች እንግዳ አይደለም።

ድርጊቱ በአብዛኛው እንደ ቀላል ጉዳይ ይታያል። ሆኖም ጉዳቱ በጠፋው ዕቃ ዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም። በቦርሳው ውስጥ የነበረው የጨረታ ሰነድ፣ ውል ወይም የባለጉዳይ ማስረጃ ከሆነ፣ የሚጓደለው የመሥሪያ ቤቱ ሥራና የተገልጋዩ መብት ጭምር ነው። የተሰረቀ ላፕቶፕ በሌላ ሊተካ ቢችልም በውስጡ የነበረውን መረጃ ማን እንደሚያየው ማወቅ ያዳግታል።

የአፈጻጸሙ ስልት የተለያየ ነው። አንዳንዱ መስታወት ሰብሮ ወይም በር ፈልቅቆ ይገባል። ሌላው ሞተር አስነስቶ ለመንቀሳቀስ የተዘጋጀውን አሽከርካሪ “ጎማህ ተንፍሷል” ብሎ ከወንበሩ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ግብረ አበሩም በሌላው በር ቦርሳውን ይወስዳል። ስፖኪዮ፣ የፊት መብራት፣ ባትሪና ትርፍ ጎማ የሚፈቱት ደግሞ ሌሊት ጥበቃ በሌለበት፣ ቀን ደግሞ ግርግር በበዛበት ሥፍራ ነው።

በሕግ ረገድ ክፍተት አለ ለማለት አያስደፍርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። የከባድ ስርቆት ድንጋጌ በሆነው አንቀጽ 669 ሥር የሚወድቅ ድርጊት ሲሆን ቅጣቱ እስከ አስራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው ሕጉ እያለ ድርጊቱ ስለምን ይደጋገማል የሚለው ነው።

የመልሱ ዋነኛ ክፍል የሚገኘው ከገበያው ነው። ስፖኪዮ የነቀለ ሰው በራሱ ተሽከርካሪ ላይ ለመግጠም አይደለም፤ የሚገዛው ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ያገለገሉ መለዋወጫዎች ግብይት በራሱ ሕጋዊና ጠቃሚ ሥራ ሲሆን፣ መርካቶ ውስጥ በሚገኘው ሶማሌ ተራ በዘርፉ በርካታ ነጋዴዎች ተሰማርተው ኑሯቸውን ይመራሉ። ችግሩ የዕቃው ምንጭ ሳይጠየቅ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥ የሚካሄደው ልውውጥ ነው። የተሰረቀው ዕቃ ከሕጋዊው ጋር ተቀላቅሎ መለያው የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

የዋጋው ሁኔታም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን የብር ዋጋ ከፍ አድርጓል። ውሳኔዎቹ የራሳቸው ኢኮኖሚያዊ ዓላማ ያላቸው ናቸው። ይሁንና በመንገድ ላይ ያሉት ነባር ተሽከርካሪዎች መለዋወጫ መሻታቸው ስለማይቀር፣ ያገለገለ ዕቃ ተፈላጊነቱ እንደሚጨምር መገመት አያዳግትም። የግብይት ቁጥጥሩም በዚያው ልክ መጠናከር ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። ድንጋጌው በወንጀል የተገኘን ንብረት የሚገዛ ወይም የሚቀበል ሰው በመሸሸግ ወንጀል የሚጠየቅበትን ሥርዓት ይዘረጋል። በመሆኑም በርካሽ ዋጋ፣ ከማይታወቅ ሰው እጅ፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ስፖኪዮ የገዛ አሽከርካሪ “ተጠቃሚ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም” በማለት ብቻ ከኃላፊነት ሊድን አይችልም። ትናንት የተሰረቀበት ሰው ዛሬ ያለ ደረሰኝ ሲገዛ ነገ በድጋሚ የሚሰረቅበትን ገበያ በገንዘቡ እያቆመ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ጉዳይ የመኪና ማቆሚያ አገልግሎት ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ 1 ሺህ 400 ያህል ተሽከርካሪዎችን የማስተናገድ አቅም ይዞ የተሠራ ሲሆን፣ እንዲህ ዓይነት መግቢያና መውጫቸው የሚታወቅ ሥፍራዎች ለቁጥጥር አመቺ ናቸው። በመንገድ ዳር ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ክፍያ እየሰበሰቡ አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል። የሥራ ዕድል መፍጠሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ባለንብረቱ የሚከፍለው ለቦታው ብቻ ነው ወይስ ለጥበቃም ጭምር የሚለው በግልጽ መታወቅ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ውል ሲደነግግ፣ ዕቃውን ተረክቦ የመጠበቅን ግዴታ በተቀባዩ ላይ ይጥላል። የማቆሚያ አገልግሎት በዚህ ማዕቀፍ ይታይ እንደሆነ በውልና በደረሰኙ ላይ በቅድሚያ ቢሰፍር፣ ዕቃ ከጠፋ በኋላ የሚነሳውን ውዝግብ ያስቀራል።

የመድን ሽፋንን በሚመለከትም የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ከአሽከርካሪው መኪና ውስጥ የተሰረቀን ንብረት አይተካም። ሌላ የመድን ውል ያለው ሰውም ሽፋኑ መለዋወጫንና በውስጥ የተቀመጠ ዕቃን ይጨምር እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

“ዋጋው ትንሽ ነው፣ ተመላልሼ ምን አገኛለሁ” በሚል ድርጊቱን ሳያመለክቱ መቅረትም ወንጀሉን ያበረታታል። ያልተመዘገበ ስርቆት በፖሊስ ዘንድ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል፤ ጥበቃውም የት መጠናከር እንዳለበት አይታወቅም። በነፃ የስልክ መስመር 991 ፈጥኖ ማሳወቅ፣ የሰሌዳ ቁጥርን በስፖኪዮና በመብራት ላይ ማስቀረጽ፣ የላፕቶፕን መለያ ቁጥር መዝግቦ መያዝ የተገኘን ዕቃ ከባለቤቱ ጋር ለማገናኘት የሚረዱ ቀላል እርምጃዎች ናቸው።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች በበኩላቸው አርአያ ሆነው መገኘት አለባቸው። ሰነድና ኮምፒውተር በቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ እንዳይተው በውስጥ መመሪያ መደንገግ፣ የባለጉዳዮች ተሽከርካሪ የሚቆምበትን ሥፍራ በጥበቃ ሠራተኞች እይታ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ በላይ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች ጥገና ሲካሄድ የሚገጠመው ማናቸውም መለዋወጫ ምንጩ የታወቀና ደረሰኝ ያለው መሆኑን የንብረትና የፋይናንስ ክፍሎች ማረጋገጥ አለባቸው። የመንግሥት ገንዘብ የስርቆት ገበያ ደንበኛ ሊሆን አይገባውምና።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንደሚባለው፣ መስታወት ከተሰበረ በኋላ የሚደረግ ጩኸት የጠፋውን አይመልስም። ሌባውን አድኖ መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። ለተሰረቀው ዕቃ ገበያ መንፈግ ግን ነጋዴው፣ ጋራዡ፣ አሽከርካሪውና የመሥሪያ ቤት ኃላፊው በጋራ የሚወጡት ግዴታ ነው። ደረሰኝ መጠየቅ የተለመደ አሠራር በሆነ ቁጥር፣ ከቆመ ተሽከርካሪ የሚነቀለው ዕቃ የሚሸጥበትን ሥፍራ እያጣ ይሄዳል።