ከወረቀት ንድፍ ወደ መነጽር፦ ለጣና ዳርቻ ግንባታዎች ምን ይበጃል?

ባህር ዳር (ዜና ትንታኔ)፦ በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም ተመርቆ ለአገልግሎት የበቃው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት ተሽከርካሪዎችን ጎን ለጎን ያስተናግዳል። ለእግረኛና ለብስክሌት ተጠቃሚም የራሱ መንገድ ተበጅቶለታል። ዛሬ በሥፍራው የሚገኝ ማንኛውም ሰው ምሰሶዎቹ የት እንዳረፉ፣ መንገዱም ከከተማዋ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በዓይኑ ያያል። ከመገንባቱ በፊት ግን፣ እንደማናቸውም ግንባታ ሁሉ፣ ይህን አስቀድሞ ለመረዳት ንድፍ የማንበብ ሙያ ይጠይቅ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ለመንግሥት ግንባታ በጀት የሚያስፈቅደውና ዲዛይኑን ተቀብሎ የሚያጸድቀው ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ መሐንዲስ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋለት ንድፍ ወለሉን በአንድ ገጽ፣ የውሃ መስመሩን በሌላ ገጽ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን ደግሞ በሦስተኛ ገጽ ያሳየዋል። እነዚህን በአእምሮው አዋሕዶ ማየት ስለሚያዳግተው የባለሙያውን ማብራሪያ አምኖ ይፈርማል። ያላስተዋለው ጉድለት የሚገለጠው ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ከሆነ፣ ማስተካከያው የሥራ ለውጥ ትእዛዝን፣ ተጨማሪ ክፍያንና የጊዜ ማራዘሚያን ያስከትላል።

በባለሙያዎች ዘንድ ሚክስድ ሪያሊቲ እየተባለ የሚጠራው የቅይጥ እውነታ ቴክኖሎጂ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ታስቦ በግንባታው ዘርፍ ጥቅም ላይ እየዋለ ይገኛል። ተመልካቹ በራሱ ላይ የሚያደርገው መነጽር አካባቢውን በካሜራና በሌሎች ጠቋሚ መሣሪያዎች ይለካል፤ በኮምፒዩተር የተዘጋጀውን የዲዛይን ሞዴልም በትክክለኛ መጠኑ ግንባታው በሚያርፍበት ሥፍራ ላይ ያሳያል። ተመልካቹን ከአካባቢው ለይቶ ፍጹም ሰው ሠራሽ ወደሆነ ዓለም ከሚያስገባው ቴክኖሎጂ የሚለየውም መሬቱንና ሞዴሉን በአንድነት በማሳየቱ ነው።

ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ የተሰኘውን መነጽር እ.ኤ.አ በ2016፣ ሁለተኛውን ትውልድ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2019 ለገበያ አቅርቧል። ትሪምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ይህንኑ መነጽር ከግንባታ ሠራተኞች ሄልሜት ጋር አዋሕዶ አውጥቷል። በዚህ መንገድ የፍሳሽ ቱቦ ከመሠረት ጋር የሚጋጭበትን ቦታ ወይም በር ከደረጃ ጋር የማይጣጣምበትን ሁኔታ መሐንዲሱና ኃላፊው አብረው ቆመው ከቁፋሮ በፊት ሊለዩት ይችላሉ።

ጉዳዩ ለባህር ዳርና ለጣና ዳርቻ ልዩ ትርጉም አለው። ጣና 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን ከፍተኛ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዳርቻው በብዙ ሥፍራ ሜዳማ በመሆኑ ውሃው በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሐይቁ ጠርዝ ወደ የብስ ይገፋል፤ አለያም ከየብስ ይሸሻል። እ.ኤ.አ በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወስዶ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ በ2003 ውሃው እጅግ ዝቅ ብሎ የጀልባ ትራንስፖርት መስተጓጎሉ ይታወሳል።

ከዚህ አኳያ በአንድ ወቅት የታየን የውሃ ከፍታ ብቻ መሠረት አድርጎ የሚነደፍ የጀልባ ማቆሚያ፣ የመዝናኛ ሥፍራ ወይም የጎርፍ መውረጃ በሌላው ወቅት ከአገልግሎት ውጪ ሊሆን ይችላል። ለአሥርት ዓመታት የተመዘገበው የሐይቁ ከፍታ በሞዴሉ ውስጥ ከገባ ግን፣ ኃላፊው በዳርቻው ላይ ቆሞ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የውሃ ጠርዝ ከታቀደው ግንባታ ጋር ያነጻጽራል። የፍሳሽ መውጫው በክረምት ከውሃ በታች የሚውል መሆን አለመሆኑን ከመፈረሙ በፊት ይረዳል። ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገቡ በመሆናቸው የስህተቱ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚተመን አይደለም።

ይሁን እንጂ መነጽሩ የሚያሳየው የተሰጠውን መረጃ ብቻ ነው። የመሬቱ ቅየሳ የተዛባ ከሆነ ወይም ከመሬት በታች ያሉት የውሃና የቴሌኮም መስመሮች ካልተመዘገቡ፣ ስህተቱ በሚያምር ምስል ተሸፍኖ ይቀርባል። ይህም ከወረቀቱ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱን ያልተረዳ ኃላፊ ይጠይቃል፣ ምስሉን ያየ ግን የተረዳ ስለሚመስለው ጥያቄውን ይተዋል። በተጨማሪም ብርሃን አሳላፊ በሆኑት መነጽሮች የሚታየው ምስል በጠራራ ፀሐይ ይደበዝዛል። ምስሉ በሴንቲ ሜትሮች ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችልም የቀያሹን መሣሪያና የመዋቅር ስሌትን አይተካም።

ሌላው ሊጤን የሚገባው የመሣሪያው ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2 የተባለውን መነጽር ማምረት ማቆሙን እ.ኤ.አ በ2024 አስታውቋል። በዚህ መሣሪያ ላይ ብቻ ተመሥርተው የነበሩ ተቋማት ሌላ አማራጭ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። በአንጻሩ አይ ኤፍ ሲ በተባለው ክፍት ዓለም አቀፍ የፋይል ዓይነት የተቀመጠ ሞዴል በሌላ መነጽር፣ በታብሌት ወይም በቢሮ ኮምፒዩተር ሊታይ ይችላል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ በ2016 በማዕከላዊ መንግሥት በጀት ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች ግዴታ ያደረገውም የዲጂታል ግንባታ መረጃን እንጂ መነጽርን አልነበረም።

እ.ኤ.አ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሥርቷል። የፖሊ ቴክኒኩ ወራሽ የሆነው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምሕንድስና ባለሙያዎችን የሚያፈራ እንደመሆኑ፣ ሞዴል የማዘጋጀትና የመመርመር ሥልጠና ከሩቅ የሚፈለግ አይሆንም።

በመሆኑም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መነጽር ለመግዛት ከመነሳታቸው አስቀድሞ ሦስት ጉዳዮችን ቢያሟሉ ይበጃል። አንደኛ፣ የዲዛይን ሞዴሉ በክፍት ፋይል ተዘጋጅቶ ከነመረጃው ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት እንደሚተላለፍ በጨረታ ሰነድና በውል ውስጥ ማስፈር። ሁለተኛ፣ የቅየሳ፣ የሐይቅ ከፍታና ከመሬት በታች ያሉ መስመሮች መረጃ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ሞዴሉን ለውሳኔ አለማቅረብ። ሦስተኛ፣ ኃላፊው ሞዴሉን ባየበት ወቅት ያነሳው ጥያቄና የተሰጠው መልስ ከፊርማው ጋር በቃለ ጉባኤ እንዲያያዝ ማድረግ።

እነዚህ ሲሟሉ መነጽሩ ተጨማሪ አጋዥ ይሆናል። ካልተሟሉ ግን ኃላፊው ትናንት ያልተረዳውን ወረቀት አምኖ እንደፈረመ ሁሉ ነገ ያልተጣራ ምስል አይቶ ይፈርማል፤ ወጪውን የሚሸፍነውም ያው የሕዝብ በጀት ይሆናል።