ለእግረኛው ተሳላሚ የሚሸጥ ስንቅ

የከተማ ንግድ የሚቆመው በታላላቅ መጋዘኖች ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ አንድ ቀን ዐርፎ ስንቁን በሚሞላበት ትንሽ ሱቅም ይቆማል። ደብረ ታቦር የራሶችና የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ሠራዊትም ነጋዴም የሚያርፍባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ይህን የስንቅ ገበያ በየዓመቱ የሚያድስልን ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚጓዘው ተሳላሚ ነው።

ከምዕራብ የሚመጣው እግረኛ ከተማችን ሲደርስ የጕዞው አስቸጋሪ ክፍል ገና ከፊቱ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ በአጠገቡ አልፎ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ በኩል ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። የታኅሣሥ ሌሊት በዚህ ደጋ እጅግ ብርድ ነው። ወራቱም ከኅዳር 15 ቀን የሚጀምረው ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ፣ ተሳላሚው የጾም ስንቅ ብቻ ይገዛል። የሚፈልገውም እሳት ሳያነድ በውኃና በጨው የሚበጠብጠው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለእግሩ ጠንካራ ጫማ፣ ለሌሊቱ የእጅ ባትሪ፣ ስልኩንም የሚሞላበት ቦታ ነው።

ነገር ግን በዓሉ ሲቃረብ ዋጋ የሚጨምር፣ ጣሳም የሚያጎድል ሰው በመካከላችን አይታጣም። «መንገደኛ ነው፤ ዳግመኛ አይመለስም» ይላል። ይህ የተሳሳተ ሒሳብ ነው። ተሳላሚ ብዙውን ጊዜ በማኅበር ይጓዛል፤ ወደ አገሩ ሲገባም በእውነት የሰፈረለትንና ያታለለውን ለይቶ ያወራል። ይህን የሰማ በሚመጣው ዓመት ስንቁን ከሌላ ከተማ ገዝቶ በደጃችን ያልፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሌላው ደግሞ «ተሳላሚ ድኻ ነው፤ ምን ያተርፍልናል?» ይላል። የአንዱ ሰው ግዢ በእርግጥ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ገብስ የደጋችን እህል ነው። በጆንያ እንዳለ ሲሸጥ የሚተርፈው ለገበሬውና ለጅምላ ነጋዴው ብቻ ነው፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ሆኖ ሲሸጥ ግን ለቆዪዋ፣ ለወፍጮ ቤቱና ለባለ ሱቁም እንጀራ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ነጋዴዎች ኅዳር ሳይጋመስ ተመካክረው የስንቅ ዋጋ ይቊረጡ፤ ዋጋውንም በየሱቁ ደጃፍ ጽፈው ይለጥፉ፤ እስከ በዓሉ ማግስትም አይለውጡት። ሁለተኛ፣ በሶና ቆሎ በንጹሕ ከረጢት፣ በግማሽና በአንድ ኪሎ ተመዝኖ፣ የተዘጋጀበት ቀን ተጽፎበት ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ጫማ ሰፊዎች በእነዚያ ሳምንታት ማልደው ይክፈቱ፤ እግሩ የቈሰለ ሰው ረፋድን አይጠብቅምና።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነትና የጸጥታ መታወክ ይህን መንገድ ደጋግሞ እንዳስቸገረው፣ የከተማችንንም ንግድ እንደ ጎዳው ሁላችንም እናውቃለን። ጸጥታን ማስፈን በነጋዴ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ሚዛን ግን በእጃችን ነው። ያን ሁሉ ችግር አልፎ ደጃችን የደረሰ መንገደኛ በጣሳችን ጉድለት እንዳያዝን ማድረግ፣ ማንንም ሳንጠብቅ በዚህ ዓመት ልንጀምረው የሚገባን ሥራ ነው።