“ለወርቅ ዳይስ ብዬ ወንድሜን አጣሁ”

ምን ይሻለኛል?

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጆች፦

እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው። አባታችን ካረፈ 4 ዓመት ሆኖታል። ቤት ውስጥ ያለነው እናታችን፣ እኔና የ18 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነን። እሱ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ዝምተኛ ሆኖ ቆየ። “ምን ሆንክ?” ሲሉት መልሱ “ምንም” ነው።

አምና ለሥራዬ ደህና ኮምፒዩተር ስገዛ ባልደርስ ጌት 3 የሚባለውን ጌም ጫንኩበት። ሁለት ጆይስቲክ ሰክተን፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ማታ አብረን መጫወት ጀመርን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወንድሜ አፉን የፈታው በዚህ ጌም ነው። ስለ ጭራቁ ስናወራ ቆይተን ስለ ትምህርት ቤቱ ያጫውተኛል። አንድ ማታ እንዲያውም ስለ አባባ አነሳ።

አንዴ በመካከለኛው ደረጃ ጨረስነው። ከዚያ “በመጨረሻው ከባድ ደረጃ እንሞክረው” ያልኩት እኔው ነኝ። ኦነር ሞድ ይሉታል። የጨረሰ ሰው ወርቃማ ዳይስ ይሸለማል። ያቺን ዳይስ ለጓደኞቼ ላሳያት ጓጓሁ። ሁለት ወር ሙሉ ለፋንባት።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ እብድ ሐኪም አለ። ሰይፍ ሳይመዘዝ በንግግር ብቻ ሊሸነፍ ይችላል። የኔ ተጫዋች አንደበተ ርቱዕ ነው፤ የሱ ደግሞ ጉልበት እንጂ ምላስ የሌለው ተዋጊ ነው። “በናትህ፣ ዛሬ እኔ ላናግረው” አለኝ። እሺ አልኩት። ዳይሱን ወረወረ፤ 1 ወጣበት። ውጊያ ተነሳ፤ አራቱም ሰዎቻችን አለቁ።

ደሜ ፈላ። በጥፊ መታሁት። እሱስ ይሁን፤ “አባባ አንተን እኔ ላይ ጥሎ ባይሄድ ኖሮ እኔም ሰው በሆንኩ ነበር” አልኩት። ከዚያ ዞር ብዬ “ሰርዝ” የሚለውን ተጫንኩና የሁለት ወር ልፋታችንን አጠፋሁት። እሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወጣ።

ይኸው 3 ሳምንት ሆነን። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ራቱን ለብቻው ይበላል። ደብተር ሲገልጥም አላየውም። እናቴ “ምን ተባባላችሁ?” ትለኛለች፤ ምን ብዬ ልንገራት? ኮምፒዩተሩን ሸጬ ልገላገል? ወይስ አዲስ ስልክ ገዝቼ ላስታርቀው? እባካችሁ ምን ይሻለኛል?

ጸጸት የገደለው
ከኮልፌ

መልስ

ውድ ወንድማችን፦

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብነው። “በጌም ሰው ይጣላል እንዴ?” ብለው የሚስቁ አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። በካርታና በቢንጎ፣ በእግር ኳስም የተጣላ ስንት አለ! ዳይሱ እኮ ሰበብ ነው። ቢሆንም ነገሩ እንዲገባን ጌሙን ለማያውቁት ጥቂት እንበል።

ባልደርስ ጌት 3ን የሠራው ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ የሚገኘው ላሪያን የተባለ ድርጅት ነው። ለኮምፒዩተር የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሲሆን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዘ ጌም አዋርድስ በተባለው ውድድር የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሏል። ሕጉን የወሰደው ከዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። ዋናው ዳይስ እንደ ሉዶው 6 ፊት ሳይሆን 20 ፊት አለው።

ኦነር ሞድ ጌሙ ላይ የተጨመረው በኖቬምበር 2023 ነው። በሌሎቹ ደረጃዎች ተጫዋቹ ሲሸነፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ካስቀመጠበት ይቀጥላል። እዚህ ግን ያለው አንድ ማስቀመጫ ብቻ ነው፤ ጌሙ ራሱ እየደረበ ያስቀምጣል፣ የተሳሳቱትን መመለስ የለም። ዋና ዋናዎቹ ጭራቆችም በሌላው ደረጃ የሌላቸው ተጨማሪ ጥቃት አላቸው። አራቱም ሰዎች ከሞቱ ክብሩ ቀረ። በአጭሩ፣ እንደ ኑሮ ነው፤ መልሶ መጀመር የለም።

አሁን ወደ አንተ እንምጣ። ሦስት ነገር ልብ ሳትል ቀርተሃል።

አንደኛ፣ 20 ፊት ካለው ዳይስ 1 የመውጣቱ ዕድል ለሁሉም ሰው ከ20 አንድ ነው። 1 ሲወጣ ደግሞ አንደበተ ርቱዕነት የሚጨምረው ቁጥር አያድንም፤ መውደቅ ነው። በዚያች ሰዓት አንተ ወርውረህ 1 ቢወጣብህ ያው ነበር። ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? ዕድል ላጠፋው ነው በጥፊ የተመታው።

ሁለተኛ፣ ይህን ደረጃ የሚያውቁት ተጫዋቾች አስጊ ቦታ ሲገቡ አንዱን ሰው ከውጊያው ርቆ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ሦስቱ ቢወድቁ እሱ ወደ ካምፕ ተመልሶ ለአንድ ሰው 200 ወርቅ እየከፈለ ያስነሳቸዋል። ታላቁ አንተ ነህ፤ “እንሞክረው” ያልከውም አንተ ነህ። ይህን ማሰብ የማን ድርሻ ነበር?

ሦስተኛውና የሚያሳዝነው ይህ ነው። ሁሉም ሲሞቱ ጌሙ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ ሰርዝ፣ ወይም ያለ ክብሩ ቀጥል። ወርቃማዋ ዳይስ ትቅር እንጂ ታሪኩን ከወንድምህ ጋር እስከ መጨረሻው መጫወት ትችሉ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር፤ የዘጋኸው በገዛ ጣትህ ነው። ለወንድምህ እኮ ዋናው ነገር ዳይሷ አልነበረችም። ቅዳሜ ማታ ከታላቁ ጋር ጎን ለጎን መቀመጡ ነበር። አበው “በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ጥፊው ለአንድ ቀን ያማል። 18 ዓመት የሞላውን ልጅ መምታት ነውር ነው፤ ግን ይሽራል። ያቺ ቃል ግን አትሽርም። አባቱን በ14 ዓመቱ ያጣ ልጅ ማታ ማታ “እኔ ሸክም ነኝ ይሆን?” ብሎ ማሰቡ አይቀርም። አንተ “አዎ ነህ” ብለህ መለስክለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ግን አንተንም ጨካኝ አንልህም። በ23 ዓመትህ ቤት ተሸከምክ። የራስህ ሐዘን የት እንደገባ ሳታየው ለእናት ጽኑ፣ ለወንድም አባት ሆንክ። ያ ቃል የወጣው ከዳይሱ ሳይሆን ከዚያ ከታፈነው ሐዘን ይመስለናል። ይህን ካላወቅህ ነገ በሌላ ሰበብ ይወጣል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው።

ኮምፒዩተሩን አትሽጥ። እንጀራህ ነው፤ ደግሞም ብትሸጠው “በኔ ምክንያት ተሸጠ” ብሎ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ስልክም አትግዛ። ስልክ መደለያ ነው፤ ልጁ የተጎዳው በቃል ነው፣ የሚድነውም በቃል ነው።

ዛሬ ማታ ብቻውን ሲሆን ግባ። ቆመህ አታናግረው፤ አጠገቡ ተቀመጥ። ስለ ጌሙ አታንሳ። “መታሁህ፣ አጠፋሁ። ስለ አባባ ያልኩህ ደግሞ ውሸት ነው። አንተ ባትኖር ይህን 4 ዓመት አልችለውም ነበር” በለው። እውነት ከሆነ ማለታችን ነው፤ ደብዳቤህን ስናነበው ግን እውነት ይመስለናል። ከዚህ በኋላ “ግን” የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። “ግን አንተም…” ካልክ ይቅርታው እዚያው ፈረሰ።

ዝም ቢልህ አትቆጣ፣ “ታርቀናል በለኝ” ብለህም አታስጨንቀው። አንተ 3 ሳምንት ቆይተሃል፤ እሱም ጊዜ ይገባዋል። ለእናትህም ሳትሸፋፍን ንገራት፤ ቤት ውስጥ የቀረችው ሽማግሌ እሷ ናት። ካልሆነ ልጁ የሚያከብረውን አጎት አስገባ። ነገሩን አታሳድረው፤ ፈተናው እየደረሰ ነው፤ ያኮረፈ ልብ ደግሞ መጽሐፍ አይዝም።

ከታረቃችሁና ልጁ ራሱ ከፈለገ፣ እንደገና ጀምሩ። ፈተናው እስኪያልቅ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ይበቃል። ደረጃውን እሱ ይምረጥ። መካከለኛው በቂ ነው፤ እዚያ ሰው ይሳሳታል፣ ይስቃል፣ ይመለሳል። ያ ሐኪም ጋ ስትደርሱ ደግሞ እሱ ያናግረው። 1 ቢወጣበት አብራችሁ ሳቁ።

ሌሎቻችሁ ወጣት አንባብያንም ስሙን። ከባዱን ደረጃ መሞከር ጥሩ ነው፤ ጀግንነትም ትዕግሥትም ያስተምራል። ግን አብሮህ የሚጫወተው ሰው ከሽልማቱ ያነሰ ከመሰለህ፣ ጆይስቲኩን አስቀምጥና ትንሽ አየር ተቀበል።

ወንድማችን፣ ቸር ወሬ አሰማን። ከሁለት አንዳችሁ ጻፉልን፤ ታናሹ ቢጽፍልን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል።