ዓሣ ላብራቶሪ አይጠብቅም

«ላብራቶሪ ሳይሟላ የባዮሎጂ ተግባራዊ ትምህርት አይታሰብም» ሲባል ጂንካ ላይ ሰማሁ። ተናጋሪው ኃላፊነት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

በዚያው በደቡብ ኦሞ፣ የካኮ ተማሪ ምን እየተማረ ነው? ዓሣ አሞኒያ፣ ሰው ዩሪያ፣ ወፍ ዩሪክ አሲድ ያስወግዳል ብሎ ከሰሌዳ ገልብጦ ይሸመድዳል። ለምን እንደሚለያዩ የሚጠይቀው የለም። ይህን ለማስጠየቅ ሁለት ጠርሙስና አንድ ትንሽ ዓሣ ይበቃሉ። ከአንድ ወንዝ የተቀዳ እኩል ውሃ በሁለቱም ይደረግ፤ ዓሣው በአንደኛው ብቻ ይግባ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ከየጠርሙሱ ትንሽ ውሃ ይቀዳና የአሞኒያ መለኪያ ጠብታ ይጨመርበት። ዓሣ የነበረበት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በሌላ ቀን ደግሞ የጠገበና የጾመ ዓሣ ይወዳደሩ። የጠገበው ውሃውን አብልጦ ያረነጉደዋል፤ አሞኒያው የሚመጣው ከበላው ፕሮቲን ነውና። ይህን ያየ ልጅ፣ አሞኒያው በአብዛኛው በስንጥብ በኩል እንደሚወጣ ሲነገረው አይረሳውም። ዓሣውም ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ጠብታው ይገዛል፤ አዎ። የሚገዛው ግን ጥቂት ትንንሽ ብልቃጥ ነው። እኚህ ሰው የሚያወሩት ስለ ሕንፃ ነው።

የቀረው ደጅ ላይ አለ። ጠዋት የፍየል በረት ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ፣ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ሲሰባብረው የሚወጣ አሞኒያ ነው። የዶሮ ኩስ ላይ ያለው ነጩ ዩሪክ አሲድ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያም ጉበታችን ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። ዓሣ መርዛማውን አሞኒያ በዙሪያው ባለው ውሃ ያቀጥነዋል። ፍየል ያን ያህል ውሃ ስለሌላት ጉልበት ከፍላ ወደ ዩሪያ ትለውጠዋለች፤ ዶሮ ደግሞ ከዚያም በላይ ውሃ ትቆጥባለች። በበናና በሐመር ቆላ ውሃ ፍለጋ ከብት የነዳ ልጅ ይህን ሒሳብ ማን ያስረዳዋል? እሱ ነው የሚያስረዳን!

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሕንፃ እስኪያልቅ እንጠብቅ ማለት ያሳፍራል። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት አትገኝም። ለሚቀጥለው የመምህራን ሥልጠና የተያዘው አበል ይቀነስና ለየትምህርት ቤቱ አንድ የመለኪያ ጠብታ ስብስብ ይገዛበት፤ ዓሣውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።