ቅኔ ቆጠራ በሱፍ ክር

ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው ከደባርቅ በላይ ያሉትን ልጆች ያስታውሳል። በአምባራስ መንገድ ዳር የበግ ፀጉር ቆብ ይዘው መኪና ይጠብቁ ነበር። ቆቡ ወፍራም ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ የበጉ ሽታም ገና አልለቀቀውም። ፈረንጁ ገዝቶ ፎቶ ይነሳበታል፤ እኛ «አይ የእጅ ሥራ!» ብለን እናልፋለን።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። በ2015 ማብቂያ ደግሞ የክልሉ ግጭት ተከተለ። ለቱሪስት ብቻ የሚሠራ ቆብ ቱሪስት ሲቀር ማን ራስ ላይ ይውጣ?

እኔ የምለው፣ ያው ፀጉር ሻል ይሁን። ቀጭን፣ ዳንቴል የመሰለ ሻል፤ ለእኔና ለአንቺ።

ቀላሉ ሻል ባለሦስት ማዕዘን ነው። በጥቂት ቀለበት ይጀመራል። ክሩን ዘንጉ ላይ አንዴ በባዶ ስትጠመጥሚው ቀዳዳ ይሆናል፣ ቀለበትም ይጨምራል። እንዲሰፋ ካልፈለግሽ አጠገቡ ያሉትን ሁለቱን ባንድ ትሠሪያቸዋለሽ፤ ቁጥሩ ይመለሳል። የቀረው መቁጠር ነው።

መቁጠር ደግሞ በዚህ አገር የቅኔ ቃል ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ቅኔ «ይቆጥራል»፤ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። (ሰሙ ክሩ፣ ወርቁ ቀዳዳው ነው ብል መምህራኑ ይቆጡኝ ይሆን?)

ንድፉንም ከፈረንጅ አንቅዳ። የእነሱ ክረምት የበረዶ ቅንጣት ነው። የሰሜን ክረምት ጉም ነው፤ ውርጩ የሚመጣው በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች። ስለዚህ ሻሉ ትከሻ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ ቀዳዳው እየበዛ ይሳሳ፤ ረፋድ ላይ እንደሚገለጥ ጉም።

አስቸጋሪው ክሩ ነው። የደጋ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ መንዝ ላይ ባናና በርኖስ የሚሆነውም ያው ነው። ለስላሳውን ከሻካራው ለይቶ፣ አባዝቶ፣ አቅጥኖ መፍተል ጊዜ ይበላል። ግን ከጥጥ የነጠላ ክር የምታወጣ እጅ ይህ ያቅታታል አልልም።

የስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ የሼትላንድ ደሴቶች ሴቶች በ19ኛው መቶ ዘመን ከበጎቻቸው ፀጉር በጣት ቀለበት የሚሾልክ ሻል ሠርተዋል። ስማቸው ገነነ። ነጋዴው ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍላቸው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከሱቁ በሻይና በጨርቅ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አንድ ሻል የሳምንታት ሥራ ነው፤ ዋጋው ሲጠራ «ኧረ ተወደደ!» የምንለው ደግሞ እኛው፣ የከተማ ልጆች ነን። መርካቶ ላይ የፕላስቲክ ክር ሻል በርካሽ ይገኛል። የአምባራሷን ሴት በዚያው ዋጋ ሽጪልኝ የምትል ጓደኛ ካለችኝ፣ መርካቶ ትሂድ።