«ምን አገባው?»

«የባንክ ሠራተኛ ስለ ሕግ ተማሪዎች ውድድር ምን አገባው?» እንደምትሉ አውቃለሁ፡፡ ጥያቄዋን ግን አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ፡፡

የሕግ ተማሪዎች «ሙት ኮርት» የሚሉት፣ በአማርኛ ምስለ ችሎት የምንለው ውድድር፣ ስሙ «ሙት» ይባል እንጂ ነገሩስ ሕያው ነው፡፡ የፈጠራ ክስ ይሰጣቸዋል፤ ክርክራቸውን በጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም ዳኞች በጥያቄ እያቋረጧቸው ቆመው ይሟገታሉ፡፡ በዓለም አቀፍ ሕግ ከታወቁት አንዱ በ1952 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው፣ በዳኛው በፊሊፕ ጄሰፕ ስም የሚጠራው ነው፡፡ በአፍሪካም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚያሰናዳው የሰብአዊ መብት ውድድር አለ፡፡ የእኛም አገር ተማሪዎች በሁለቱም ተሳትፈዋል፡፡

ለጎጃም ሰው ሙግት እንግዳ አይደለም፡፡ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የድንበር ነገር ያያል፡፡ ድሮማ ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ቃሉን ቤት እያስመታ፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ ባላጋራውን ይጠይቅ፣ በማርና በበቅሎም ይወራረድ ነበር፡፡ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያለ ሕዝብ፣ መሸነፍን ሳይሆን ሳይሰሙት መቅረትን የሚፈራ ሕዝብ ነው፡፡

ነገር ግን በላ ልበልሃ ላይ ሁሉም የሚሟገተው ለራሱ ነው፡፡ የምስለ ችሎት ሕግ ከዚህ ይለያል፤ አንዱ ቡድን አንድ ጊዜ ለከሳሽ፣ ሌላ ጊዜ ለተከሳሽ እንዲቆም ያስገድዳል፡፡ ትናንት ያፈረሰውን ክርክር ዛሬ ራሱ ይገነባዋል፡፡ እኔ የውድድሩን ትልቅ ዋጋ የማየው በዋንጫው ሳይሆን በዚህ ነው፡፡ የባላጋራውን ነገር ከባላጋራው አሳምሮ ማቅረብ የቻለ ሰው፣ በጭፍን ለመጥላት ይቸገራል፡፡

አሁን ወደ አደራዬ ልመለስ፡፡ በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ «ደቡብ አፍሪካ የዛሬዋን ናሚቢያን በአፓርታይድ በመግዛት የተቀበለችውን አደራ አፍርሳለች» ብለው ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፡፡ ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. የዳኞች ድምፅ ሰባት ለሰባት ተከፈለ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ክሱ ወደቀ፡፡ ምክንያቱ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው የሆነ መብት ወይም ጥቅም አላስረዱም የሚል ነበር፡፡ በእኛ አነጋገር፣ «ምን አገባችሁ?» ተባሉ፡፡ ያንን ፍርድ በረጅም የልዩነት ሐሳብ ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ፣ ዛሬ ተማሪዎቻችን በስማቸው የሚወዳደሩላቸው አሜሪካዊው ጄሰፕ ነበሩ፡፡ ናሚቢያ በ1982 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፡፡ ኢትዮጵያ ለሌላ ሕዝብ ተሟገተች፤ ባዕዱ ዳኛም ክሷ ሊሰማ ይገባል ብለው ቆሙ፡፡ ያ ፍርድ ቤት የሚያስችልበት ሕንፃ የሰላም ቤተ መንግሥት ይባላል፤ የእኛይቱም ከተማ የሰላም መንገድ ማለት ናት፡፡

ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ የሰላም መንገድ የተሰማው የጦር መሣሪያ ድምፅ ነው፡፡ ምስለ ችሎት ጦርነት ያስቆማል የሚል የዋህ አይደለሁም፡፡ የሌላውን ወገን ቃል በገዛ አንደበቱ ተናግሮ የማያውቅ ትውልድ ግን ዕርቅን ከየት ይማራል?

ስለዚህ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን ሙግት በአማርኛም ወደየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢያወርዱት እላለሁ፡፡ የቡሬ ልጅ በእንግሊዝኛ ከመሟገቱ በፊት፣ አያቱ በተሟገቱበት ቋንቋ ለባላጋራው ጠበቃ ይሁን፡፡ ከዳኞቹም አንዱ የአገር ሽማግሌ ይሁኑ፤ ለአሸናፊውም አንድ እንስራ ማር ይበቃል፡፡

«ምን አገባህ?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ያገባኛል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡